በኪራይ ውስጥ የተደበቀ የትምህርት ክፍያ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ባለፈው እሑድ «የመንግሥት ትምህርት ቤት ነፃ ነው ትሉኛላችሁ፤ ታዲያ የሁለት ሰው ደመወዝ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ሲጠይቁኝ በስልክ አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁዎትም። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ይዞ ለቆመ ሰው የትምህርት ነገር በጽሑፍ ሊመለስለት ይገባል ብዬ ይህን ጻፍሁ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።

እኛ አገር ገንዘብ ያለው ልጁን የግል ትምህርት ቤት ያስገባና የከፈለበትን ደረሰኝ ይቀበላል። እዚህ ክፍያው ደረሰኝ የለውም። ልጅ የሚማረው ለቤቱ አድራሻ በተመደበው ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ የትኛው መንገድ የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ በካርታ ላይ ተሠምሯል፤ ለምዝገባም የኪራይ ውል ይጠየቃል። ስሙ የተጠራ ትምህርት ቤት ባለበት ሰፈር ቤት ይወደዳል፤ ሲወደድ የሚገባው አቅም ያለው ብቻ ይሆናል፤ የባለ አቅም ልጆች ሲበዙም የትምህርት ቤቱ ስም ይበልጥ ይገናል። «የዘመድ አድራሻ አስመዝግቡ» ያሉን አልጠፉም። ነገር ግን በ2011 በኦሃዮ ግዛት አንዲት እናት ልጆቿን በገዛ አባቷ አድራሻ አስመዝግባ ስለተገኘች ለቀናት ታስራለች። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እርስዎን አስቤ ነበር።

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ትምህርት ቤት ከገንዘቡ ከፊሉን ከአካባቢው የቤት ግብር ስለሚያገኝ የሀብታም ሰፈር ትምህርት ቤትም ብዙ ጊዜ ሀብታም ነው። እኛ ያለንበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ (ካውንቲ እንደ እኛ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) ግን ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያሉት አንድ የትምህርት ሥርዓት ነው፤ በጀቱም የሚወጣው ከአንድ ቋት ነው። ያም ሆኖ ወላጅ ለቤት ውስጥ አስጠኚ የሚከፍልበት ሰፈርና ወላጅ ሌሊት ሥራ አድሮ የሚመለስበት ሰፈር እኩል አይሆኑም።

ካውንቲው ይህን ከተረዳ ቆይቷል። ከ1974 ጀምሮ በርከት ያሉ ቤቶችን የሚገነባ ኩባንያ ከቤቶቹ የተወሰኑትን፣ ባብዛኛው ከ12.5 እስከ 15 በመቶ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው እንዲያቀርብ በሕግ ተገድዷል። የቤቶች ኮሚሽኑም ከእነዚህ አንዳንዶቹን ገዝቶ ለድሆች በዕጣ ያከራያል፤ የእኛን የኮንዶሚኒየም ዕጣ ያስታውሱ። በ2010 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕጣው ድሃ ተማሪ ወደማይበዛበት ትምህርት ቤት ያደረሳቸው ልጆች፣ ካውንቲው ተጨማሪ ገንዘብ ባፈሰሰባቸው፣ ችግረኞች በበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ከተማሩት ልጆች በሒሳብ በልጠው ተገኝተዋል። እርስዎ «ልጅ ከአስተማሪው ይልቅ አጠገቡ ከተቀመጠው ይማራል» ይሉን የነበረው ትዝ አለኝ።

አሁን ደግሞ በ1987 ተዘግቶ የነበረው ዉድዋርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ አዲስ ስለተገነባ የወሰኑ ካርታ ሊለወጥ ነው። ሲሠመር የሚታዩት ነገሮች አራት ናቸው፦ የተማሪዎች ስብጥር፣ ቅርበት፣ የምደባው መረጋጋትና የሕንፃው አቅም። በ2007 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተማሪን በዘሩ ብቻ ለይቶ መመደብን ስለከለከለ፣ ስለ ስብጥር ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው የቤተሰባቸው ገቢ ዝቅተኛ በመሆኑ ምሳ በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያገኙት ልጆች ብዛት ነው። ማስታወቂያው በአማርኛም ይደርሰናል፤ የእኛ ሰው እዚህ እንዲያ በዝቷል።

ትልቋ ልጃችን 7ኛ ክፍል ስለሆነች ጉዳዩ ይነካናልና ስለ ካርታው ለውጥ ወደተጠራው ስብሰባ ሄድሁ። አንድ ሰው ተነሥቶ «እኛ ይህን ቤት የገዛነው ለትምህርት ቤቱ ስንል ነው» አለ። ንቀት መሰለኝና በልቤ ተቆጣሁ። ቀጥላ ያንኑ ቃል የተናገረችው ግን አጠገቤ የነበረች የአገራችን ሴት ናት፤ ቤቷን የገዛችው አሥር ዓመት ሁለት ሥራ ሠርታ ነው። ለእርሷ መልስ አጣሁ። ደግሞስ እኔና ባለቤቴ ባለፈው ክረምት ቤተስዳ በሚባለው ውድ ሰፈር ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት የፈለግነው ለምን ነበር? ኪራዩ አሁን ከምንከፍለው በወር 900 ዶላር ይበልጥ ስለነበር ተመለስን እንጂ በሐሳብ ከእርሷ አልተለየንም።

አሁን ካለንበት እንድንቆይ ወስነናል። ልጅቷ በክፍሏ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከቬትናምና ከካሜሩን ከመጡ ቤተሰቦች ልጆች ጋር ትማራለች፤ ቤት ስትገባ ስለ እነርሱ የምታወራውን ሰምቼ አልጠግብም። ይሁን እንጂ የሒሳብ ክፍሏ ከአቅሟ በታች እንደሆነ ይሰማኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስጠናት ሰው ፈልገናል፤ ይህም ሌላ ወጪ ነው።

የኪራይ ውላችንን ለአንድ ዓመት አድሰናል፤ የወሩ ኪራይም በ110 ዶላር ጨምሯል። ለጣሪያው ማደሻ ቃል የገባሁልዎት ገንዘብ የዘገየው በዚህ ምክንያት ነውና ይቅር ይበሉኝ፤ ግማሹን ለገና፣ የቀረውን ለፋሲካ እልካለሁ። ቆርቆሮውን ግን አስቀድመው ዋጋ ያስጠይቁ።

አክባሪ ልጅዎ