የአባትና የእናትስ ስልክ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሕፃናትና ስልክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ምክሩ ጥሩ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ስክሪን ፊት አይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ነው። እኛም ለወላጆች የምንነግረው እሱኑ ነው። ቅር ያለኝ ግን ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ልጁ ስለሚይዘው ስልክ ብቻ ማውራቱ ነው። አባትና እናት ስለሚይዙት ስልክ አንድ መስመር እንኳ የለውም።

እኔ የክትባት ክፍል ነርስ ነኝ። ልጆቻቸውን የዘጠኝ ወሩን የኩፍኝ ክትባት ሊያስከትቡ የሚመጡ እናቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። በዚያ ዕድሜ ልጅ አርፎ አይቀመጥም። አምፖሉን ያያል፣ «ዳ!» ይላል፣ ወዲያው ዞሮ የእናቱን ፊት ያያል። አየሽው ወይ ማለቱ ነው። እናት ቲክቶክ ላይ ናት። «እህ» ትላለች፣ ቀና ሳትል። ነጠላዋን ይጎትታል። እንደገና «ዳ!»። አሁንም «እህ»። በመጨረሻ ስልኩን ራሱን ሊነጥቃት ሲሞክር «ተው እንጂ!» ትለዋለች። ወንበሩ ላይ በቆዩበት ጊዜ ሁሉ ፊቱን እያየች የተናገረችው ይህችን ብቻ ነው።

እናቶችን ለመውቀስ አይደለም። ሌሊቱን ስታጠባ ያደረች፣ በጠዋት የታክሲ ሰልፍ የቆመች ሴት ትንሽ ስልኳን ብታይ ምን ይገርማል? አባቶችማ በክትባት ቀን ብዙም አናያቸውም። ማታ ቤት ገብተው ሶፋ ላይ የሚያደርጉትን ግን ሚስቶቻቸው ያወሩልናል!

በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት አለ። እናቶች ለሁለት ዓመት ልጆቻቸው ሁለት አዳዲስ ቃላት እንዲያስተምሩ ተደረገ። አንዱን ሲያስተምሩ ማንም አላቋረጣቸውም። ሌላውን ሲያስተምሩ ግን መሃል ላይ ስልክ ተደወለላቸው። ልጆቹ ያልተቋረጠውን ቃል ያዙት። ስልክ የገባበትን አልያዙትም። ልብ በሉ፣ ሁለቱንም ቃላት የሰሙት እኩል ጊዜ ነው። የጠፋው ነገር እናትና ልጅ ዓይን ለዓይን እየተያዩ የያዙት ወሬ ነው።

ቴሌቪዥኑም አለ። ብዙ ቤት ጠዋት ተከፍቶ ማታ ነው የሚዘጋው። «ልጁ እኮ ዞር ብሎም አያየው» ይሉናል። ልጁ ባያየውም እኛ እናየዋለን፣ ስናየው ደግሞ አፋችን ይዘጋል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት፣ ይህም የአሜሪካ ነው፣ ከ2 እስከ 48 ወር ዕድሜ ያላቸው 329 ሕፃናት ትንሽ ድምፅ መቅረጫ ልብሳቸው ላይ ይዘው እንዲውሉ አደረገ። ቴሌቪዥን በተሰማ በየአንዱ ሰዓት ልጁ ከአዋቂ የሚሰማው ቃል በአማካይ በ770 ቀንሶ ተገኘ። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ክፍት የሚውልበትን ቤት እናንተው አስሉት።

ሁሉንም ስክሪን በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ግን ልክ አይደለም። እናቷ ቤይሩት ወይም ሪያድ ሆና አያቷ ጋ የምታድግ ልጅ በኢሞ ከእናቷ ጋር ብታወራ፣ እሱን ከካርቱን ጋር አልቆጥረውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በ2016 እ.ኤ.አ. ምክሩ ከ18 ወር በታች ላሉ ልጆች ስክሪን ይቅር ሲል የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ትቶታል። እዚያ ማዶ ያለችው ሰው ስትጠራት ትመልሳለች፣ ስትስቅ ትስቃለች። አያት ስልኩን ሰጥታ ጓዳ ከምትገባ አብራ ብትቀመጥ ደግሞ የበለጠ ነው።

«ስልክ ጣሉ» ማለት ቀልድ ነው። ሥራውም፣ ቴሌብሩም፣ ዘመዱም እዚያ ውስጥ ነው። እኔ የምላቸው ትንሽ ነገር ነው። ልጁን ስታጎርሱትና ገላውን ስታጥቡት ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። «እግርህ የታለ? ይኸው እግርህ!» ለማለት ካርድ መሙላት አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውለው ሞግዚትም ይህን ትስማ፤ ብዙ ጊዜ ምክሩ እሷ ጋ አይደርስም።

ጋዜጣችሁ ሌላ ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ አባቶችን ቢያናግርልን ደስ ይለኛል። ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። እናቶች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ቢያንስ በክትባት ቀን ይጥፋ። ድራማው ሲጮህ እኛ ስም ስንጠራ እንኳ አይሰማም። በጀት አይጠይቅም፣ ደብዳቤም አያስፈልገውም። ሪሞቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥበቃው ጋ ነው፤ ለእሱ መንገር ይበቃል።

የክትባት ክፍል ነርስ
ከአዲስ አበባ