የእንስሳት እንክብካቤ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የድመት ግልገልን ከአዲስ ቤት ጋር ማላመድ

በዚህ የትምህርት ዘመን የእንስሳት እንክብካቤ ክበብ ሥራውን ሁሉ ያዋለው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ከእናቷ የተለየች የድመት ግልገል አዲስ ቤት ስትገባ ጤንነቷ ተጠብቆ፣ ፍርሃቷም ተወግዶ እንድትላመድ ምን ማድረግ እንደሚገባ በተግባር መማር ነው። ጉዳዩን ለመምረጥ ምክንያት የሆነን በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አንዲት ድመት በትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤት ውስጥ አራት ግልገሎች መውለዷ ነበር። ወሬው እንደተሰማ በርካታ ተማሪዎች ግልገሎቹን ወደ ቤታቸው ለመውሰድ ጠየቁ፤ ክበቡ ግን ቢያንስ 8 ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው እንዳይለዩ ወሰነ። ውሳኔው ለልጆቹ ከብዷቸው ነበር፤ ሆኖም በዓመቱ ውስጥ ከሠራነው ሁሉ የላቀው ይህ የጥበቃ ጊዜ እንደሆነ አምናለሁ።

የድመት ግልገል ስትወለድ ዐይኗም ጆሮዋም የተዘጋ ነው፤ ክብደቷም ከ100 ግራም ብዙ አይርቅም። ዐይኗ በአብዛኛው ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ይከፈታል፤ በ4ኛው ሳምንት ገደማ ምግብ መቅመስ ትጀምራለች፤ ጡት መተዉም እስከ 8ኛው ሳምንት ድረስ ቀስ በቀስ ይፈጸማል። አባላቱ እናቲቱ መኖራቸውን ከለመደች በኋላ የግልገሎቹን ክብደት በቤተ ሙከራው ሚዛን እየለኩ መዝግበዋል። ከቁጥሩ ይልቅ ትኩረታቸውን የሳበው ግን የግልገሎቹ ትግል ነበር። አንዷ ጠንክራ ስትነክስ ሌላው ይጮኻል፤ ጨዋታውም ይቋረጣል፤ አንዳንዴ እናቲቱ ራሷ ትገሥጻለች። ግልገሏ ጥርሷንና ጥፍሯን መቆጣጠር የምትማረው በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ ያለ ጊዜዋ የተለየች ድመት ካደገች በኋላ መንከስና መቧጨር ሊበዛባት ይችላል። ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ደግሞ ግልገሎች ሰውን የሚለምዱበት ዋነኛ ወቅት በመሆኑ፣ አባላቱ እጃቸውን ታጥበው፣ ተራ ገብተው፣ እናቲቱ እያየች ለጥቂት ደቂቃ እንዲዳብሷቸው አድርገናል።

ግልገል የሚወስዱት ተማሪዎች በዚሁ ጊዜ ቤታቸውን ሲያዘጋጁ ቆዩ። በመልካም ሁኔታ የተያዘች ድመት 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ስለምትችል፣ ወላጆች ፈቃዳቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡ ጠይቀናል። ከዚያም ተማሪዎቹ ከቤታቸው አንድ ጸጥ ያለ ክፍል መርጠው፣ ወለሉ ላይ ተንበርክከው በግልገሏ ቁመት ዙሪያውን እንዲቃኙ አደረግን፤ ቆሞ የማይታይ ብዙ ነገር እንዲህ ሲሆን ይታያልና። ክርና ጥብጣብ ከሁሉ አስቀድሞ መነሣት ነበረባቸው። የድመት ምላስ ላይ ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ እሾህ መሰል ጥቃቅን ነገሮች ስላሉ የገባላትን ክር መልሳ መትፋት ይቸግራታል፤ የተዋጠ ክር ደግሞ አንጀትን ሰብስቦ ሊቆርጥ ይችላል። ለሰው ሕመም ማስታገሻ የሆነው ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ የሊሊ አበባም ብናኙ ብቻ ኩላሊቷን ሊያጠፋ ይችላል። እነዚህን በሚመለከት ለወላጆች ደብዳቤ ልከናል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ ድመት የምትኖርበትን ቦታ ከሁሉ በፊት የምታውቀው በማሽተት ነው። በጉንጯና በአገጯ አካባቢ ካሉ ዕጢዎች የሚወጣውን ጠረን ዕቃዎች ላይ እየታከከች ትተዋለች፤ ያ ጠረን ባለበትም ትረጋጋለች። ስለዚህ ወደ አዲስ ቤት የገባች ግልገል ያጣችው እናቷንና አብረዋት የተወለዱትን ብቻ ሳይሆን ቦታውን የራሷ ያደረገላትን ጠረን ጭምር ነው። ይህን ለማቃለል እያንዳንዱ ተማሪ ያመጣው ጨርቅ በእናቲቱ መኝታ ላይ ተነጥፎ እንዲሰነብት አደረግን፤ ግልገሏ ስትሄድም ጨርቁ ሳይታጠብ አብሯት ሄደ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተዘጋጀላት አንድ ክፍል እንዳትወጣ፣ በክፍሉም ውስጥ በጎኑ የተጋደመ ካርቶን እንዲኖራት ተስማማን። መደበቅ ለፈራች ግልገል መጽናኛዋ ስለሆነ፣ ከካርቶኑ ጎትቶ ማውጣት፣ ጎረቤት ጠርቶ ማሳየት፣ ከእጅ ወደ እጅ ማስተላለፍ ፈጽሞ የተከለከለ ነበር።

ልጆቹን የፈተናቸው ይህ ክልከላ ነው። የሚወዱትን ነገር አለመንካት ለልጅ ቀላል አይደለም፤ እኔም የአባላቱን ትጋት የለካሁት ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ዝግ ባለ ድምፅ ታነብ እንደነበር፣ ግልገሏ መጀመሪያ አፍንጫዋን ብቻ ከካርቶኑ እንዳወጣች፣ በሌላ ቀን ደብተሩን አሽትታ እንደተመለሰች፣ በመጨረሻም ራሷ መጥታ ጉልበቷ ላይ እንደወጣች በማስታወሻዋ በዝርዝር ጽፋለች። በተቃራኒው፣ በሌላ ቤት ታናናሽ ልጆች ግልገሏን እየተሻሙ ያነሧት ስለነበር ከአልጋ ሥር አልወጣ ብላ ቆየች፤ ልጆቹ እንዲርቁ ከተደረገ በኋላ ግን ቀስ በቀስ መውጣት ጀመረች። ድመትን አፍጥጦ ማየት ማስፈራራት ሲሆን፣ ዐይንን በዝግታ ከድኖ መግለጥ ግን የሰላም ምልክት እንደሆነ አባላቱ በራሳቸው አይተዋል። ከጉሮሮዋ የምታሰማው ‹ኩርር› የሚል ድምፅም ሁልጊዜ የደስታ እንዳልሆነ፣ የታመመች ድመትም ልታሰማው እንደምትችል እዚህ ላይ መጥቀስ ይገባል።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ግልገሏ ትለምደው የነበረው ምግብ ወዲያው እንዳይለወጥ፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ እንዲሰጣት፣ ንጹሕ ውኃም እንዳይለያት አሳስበናል። የላም ወተት ለድመት ተስማሚ ነው የሚለውን ልማድ ግን ማረም ነበረብን፤ ብዙ ድመቶች በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ወተቱ ያስቀምጣቸዋል፤ ተቅማጥ ደግሞ ለትንሽ ግልገል እጅግ አደገኛ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ምግብ እምቢ ያለች ግልገል ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለባት።

ለመጸዳጃ ጠርዙ ዝቅ ያለ፣ አሸዋ የተሞላ ሳጥን በየቤቱ ተዘጋጅቷል። አንድ ተማሪ ግልገሏ ሳጥኑን ትታ ጥግ ላይ ትጸዳለች ብሎ ሲያስረዳን፣ አባላቱ ምክንያቱን ራሳቸው ፈልገው አገኙት፤ ሳጥኑ ከምግብ ሳሕኗ አጠገብ ነበር። ድመት በምትበላበት አካባቢ መጸዳዳት ስለማትወድ፣ ሳጥኑ ወደ ሌላው ጥግ ሲዛወር ችግሩ ተወገደ። ግልገሏን መቅጣት ወይም አፍንጫዋን በቆሻሻው ላይ ማሸት ፍርሃትን እንጂ ንጽሕናን አያስተምራትም።

ከግልገሎቹ አንዷ የገባችው ትልቅ ድመት ካለበት ቤት ነው። ሁለቱ ወዲያው ፊት ለፊት እንዳይገናኙ በር ተዘግቶባቸው፣ የአንዷ መኝታ ጨርቅ ለሌላዋ እየተሰጠ፣ ምግባቸውም ከበሩ ግራና ቀኝ እየቀረበ ቆዩ። በሩ ሲከፈት ትልቋ ጥርሷን አሳይታ ብትቆጣም አልተናከሱም።

የእንስሳት ሐኪም ክበባችንን ጎብኝተው ክትባት ከ6 እስከ 8 ባሉት ሳምንታት እንደሚጀመር፣ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16ኛው ሳምንት እንደሚደርስ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ በአብዛኛው ከ12ኛው ሳምንት ወዲህ እንደሚሰጥ አስረድተዋል። የሆድ ትላትል በእናት ጡት ወተት ጭምር ስለሚተላለፍ፣ ጤነኛ የምትመስል ግልገልም መድኃኒቱ ያስፈልጋታል። ማንኛውም ተማሪ በእንስሳ ቢነከስ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ ያሳሰቡትን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፈናል።

ድመት ከ4 ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ልታረግዝ ስለምትችል፣ ግልገሎቹን የወሰዱት ቤተሰቦች የማምከን ቀዶ ሕክምናን ጉዳይ ከሐኪም ጋር እንዲነጋገሩበት ተጠይቀዋል። እናቲቱም ግልገሎቿን ጡት ካስጣለች በኋላ በትምህርት ቤቱ አስተዳደር ፈቃድ ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላታል፤ አሁንም የምትኖረው በዕቃ ቤቱ ነው። የክረምቱን ምግቧንና ውኃዋን የሚከታተሉ አባላት ተመድበዋል፤ የልጆቹ የማስታወሻ ደብተሮችም በቤተ መጻሕፍቱ ስለተቀመጡ ግልገል ለመውሰድ የሚያስብ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ ሊያነባቸው ይችላል።