የሚነቀለውም ጥርስ ጥርስ ነው

ልጄ፣

ትናንት በስልክ «እማ፣ የወተት ጥርስ አይደል? መነቀሉ አይቀር» ያልከኝ ነገር አላስተኛኝም። እውነትህን ነው፣ ይነቀላል። ግን መቼ? የፊቶቹ 6 ዓመት አካባቢ መነቃነቅ ይጀምራሉ። የኋላ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ። ልጅህ ገና ሁለተኛ ዓመቷን መያዟ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የምታኝክበትን ጥርስ እንዴት ችላ እንላለን?

ደግሞ እነዚያ ጥርሶች ከሥር ለሚመጡት ቋሚዎች ቦታ ይጠብቃሉ። አንዱ ተበልቶ ያለጊዜው ከተነቀለ፣ ጎንና ጎኑ ያሉት ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ። ቋሚው ሲደርስ መውጫ ያጣል፣ ወይም ተጣሞ ይወጣል።

ከሁሉም በላይ የምታሳስበኝ ያቺ የሌሊት ጡጦ ናት። ሰው ሲተኛ ምራቁ ይቀንሳል፤ ጥርስን የሚያጥበው ደግሞ ምራቅ ነው። ልጅቷ ጡጦውን አፏ ውስጥ እንዳደረገች ከተኛች ወተቱ ጥርሷ ላይ ያድራል። አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱ ጥርሱን ይበላዋል። ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚጎዱት የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ናቸው። ስለዚህ ወተቷን ትጠጣ፣ ጥርሷ ይቦረሽ፣ ከዚያ ትተኛ። ያለ ጡጦ አልተኛም ካለች ውሃ ብቻ አድርጉላት። ታለቅሳለች፣ አንጀት ትበላለች፣ አውቃለሁ። ግን በጥርስ ሕመም ሌሊቱን ሙሉ የሚያለቅስ ልጅ ከማየት ይሻላል።

ጣፋጭም ቢሆን ከብዛቱ ይልቅ ድግግሞሹ ነው የሚጎዳው። ቀኑን ሙሉ ጁስ እየተጎነጨች ከምትውል ከምግብ ጋር አንዴ ጠጥታ ብትጨርስ ይሻላታል።

መቦረሹ ጠዋትና ማታ ነው፤ የማታው እንዳይቀር። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይሁን፣ 3 ዓመት እስኪሞላት የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከዚያ በኋላ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ። ብሩሹን ትያዝ፣ ትጫወትበት፣ ግን ጨርሳ ስትሰጥህ አንተ ድገምላት። 7 ወይም 8 ዓመት እስኪሆናት ራሷ በደንብ አትችለውም። እግረ መንገድህን ከንፈሯን ገልጠህ እይ። ድዷ ጠርዝ ላይ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ካየህ የመበስበስ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። በዚያ ደረጃ ከተደረሰበት ሳይቦረቦር ማስቆም ይቻላል።

ለዚህ ነው ሐኪም ጋ ውሰዳት ብዬ የምጨቀጭቅህ። የመጀመሪያው ቀጠሮ አንድ ዓመት ሳይሞላት ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አሁንም አልረፈደም። እስኪያማት አትጠብቅ። ሕመም ይዟት ከሄደች ያ ክፍል የሕመም ቦታ ሆኖ ይቀርባታል። ደህና ሳለች ከሄደች ግን ጭንህ ላይ ሆና ጥርሷ ይታያል፣ ምናልባት የፍሎራይድ ቅብ ይደረግላታል፣ በቃ። የሕፃናት ጥርስ ሐኪም ብታገኝ ደግሞ የተሻለ ነው። የሚያለቅስ ልጅ ማባበል የሥልጠናቸው አካል ነው።

አንድ ነገር አደራ። «አያምሽም፣ አትፍሪ» አትበላት፤ ያላሰበችውን ፍርሃት ታስተምራታለህ። «ጥርስሽን ሊቆጥሩልሽ ነው» በላት። ስታስቸግርም «ሐኪሙ ይነቅልልሻል» ብሎ የሚያስፈራራት ሰው ካለ፣ አያትም ትሁን አክስት፣ ተቆጣልኝ።

ቀጠሮውን ስትይዝ ቀኑን ንገረኝ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።

እናትህ