ለእማዬ፦ ቡፌው ላይ ስለተቀመጠው ማሽን

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትልቁ በቁመት በልጦኛል፤ እሁድ በቪዲዮ ታይዋለሽ።

ይህን በስልክ መናገር ቢያቅተኝ ነው የምጽፈው። ስለ ስኳርሽ ስጠይቅሽ «ደህና ነው፣ አንቺ ልጆችሽን ያዢ» ትይኝና ወደ ሠርግና ለቅሶ ወሬ ትሻገሪያለሽ። ወረቀት ላይ ወሬ ማስቀየር አይቻልም። ሚጡ በትልልቅ ፊደል አሳትማ ታመጣልሻለች። መነጽርሽን አድርጊ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ያን የስኳር መለኪያ ማሽን ስልክልሽ ጉድ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እዚህ ሜሪላንድ አንድ ፋርማሲ ገብቼ ከሁሉ ቆንጆውን መረጥኩ። መብራት ያለው፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ፣ ጥቁር ቦርሳ ያለው። ሃምሳ ሃምሳ ፍሬ የሚይዝ ሦስት ካርቶን ስትሪፕ፣ ያን የደም ጠብታ የሚነካበትን ቀጭን ቁራጭ፣ ጨምሬ በሰው እጅ ላክሁ። ስትሪፑ አለቀ። ወንድሜ ደሴ ፒያሳ ያሉትን ፋርማሲዎች አንድ በአንድ ዞረ። አዲስ አበባም አስፈለገ። የለም። ማሽኑ ይኸው ቡፌው ላይ፣ ከሠርግ ፎቶሽ አጠገብ ጌጥ ሆኖ ቀረ።

እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ስትሪፕ ብቻ ነው የሚያውቀው። የሌላውን ብታጎርሺው ወይ እምቢ ይላል ወይ ይዋሻል። ማሽን አንዴ ይገዛል። ስትሪፕ ግን እንደ ዘይትና እንደ ቡና ነው፤ አለቀ ሲባል እንደገና ነው። ለወንድሜም እንዲህ ብዬዋለሁ፦ ፋርማሲ ስትገባ ማሽን አሳየኝ አትበል። «የማይጠፋው ስትሪፕ የትኛው ነው? ስንት ነው?» በል። ማሽኑን ከዚያ ተነስተህ ምረጥ። ቁጥሩ ጎላ ብሎ የሚታይ ይሁን። ኮድ የማይጠይቅ ይሁን፤ የድሮዎቹ አዲስ ስትሪፕ በተከፈተ ቁጥር ኮድ ማስተካከል ይፈልጋሉ፣ ያ ከተረሳ ውጤቱ ይዛባል። ብሉቱዝ ምናምኑ ለእኔ ነበር እንጂ ላንቺ አልነበረም። ከዚህ ሆኜ ልቆጣጠርሽ አስቤ ነው።

የስትሪፑንም ቀን እዩ። ካርቶኑ ላይ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 2026 የሚለውን አይተሽ «ገና ስንት ዓመት አለው» እንዳትይ፣ በእኛ 2018 ወይም 2019 ማለት ነው። ብልቃጡ ከተከፈተ ደግሞ ዕድሜው ያጥራል፤ አንዳንዱ ሦስት ወር፣ አንዳንዱ ስድስት ወር ነው፣ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። የከፈትሽበትን ቀን በእስክሪብቶ ብልቃጡ ላይ ጻፊበት።

ከለንደን የመጣው የአጎቴ ልጅ ማሽን ትዝ አለሽ? በእሱ ተለክተሽ 8.4 ሲል እልል ልትይ ነበር። «ስምንት ብቻ ሆነ!» አልሽኝ በስልክ። እኔም ደስታሽን ላለማበላሸት ዝም አልኩ። የእንግሊዞቹ በሌላ መስፈሪያ ነው የሚቆጥሩት። በ18 ስታበዢው ወደ እኛው ቁጥር ይመጣል። 151 ነበረ ማለት ነው። መጥፎ አልነበረም፣ ግን ስምንትም አልነበረም። አዲሱ ማሽን እንደ ሐኪምሽ ወረቀት በመቶዎች የሚቆጥር፣ mg/dL የሚል መሆኑን ወንድሜ ሳይከፍል ያያል።

አሁን ወደ ጥሩ እንምጣ። ለጥምቀት መጥቼ ያየሁትን አልረሳውም። ማድ ቤት ዱካ ላይ ተቀምጠሽ ለልጆቹ ብርቱካን ስትልጪ ቆየሽ። እጅሽን በቀሚስሽ ጠረግ አደረግሽና ወጋሽ። 287። ፊትሽ ልውጥ አለ። «በቃ፣ አለቀልኝ» አልሽ። ምሳ አልበላም አልሽ። እጅሽን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አስታጠብኩሽ፣ በፎጣ አደረቅነው፣ በሌላ ጣት ለካን። 164። ያ ሁሉ ድንጋጤ የብርቱካኑ ነበር። ማሽኑ ስኳሩ ከደምሽ ይምጣ ከጣትሽ አይለይም። አልኮል ብቻውን የፍራፍሬ ስኳር በደንብ አያስለቅቅም፣ ውሃና ሳሙና ነው የሚያዋጣው። ጣትሽ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ደሙ ይቀጥናል፣ ቁጥሩም ያለአግባብ ይወርዳል። ስለዚህ አድርቂው።

ስትወጊም የጣትሽን መሀል አትውጊ። ጎኑን። መሀሉ ነው የሚያመው፣ ደግሞ እንጀራ የምትቆርሺበት ነው። ደሙ እምቢ ካለ እጅሽን ወደ ታች አንጠልጥለሽ ከመዳፍሽ ጀምረሽ አሸት አሸት አድርጊው። እንደ ሎሚ አትጭመቂው፤ ሲጨመቅ ሌላ ፈሳሽ ይቀላቀልበታል። ስትሪፖቹንም ከብልቃጣቸው አውጥተሽ እንደ ገንዘብ መሐረብ ውስጥ መቋጠሩን ተዪው። ብልቃጡ ከውስጥ እርጥበት የሚመጥ ነገር አለው። አንዷን አውጪና ወዲያው ክደኚው። ከምድጃው አጠገብ አታስቀምጪው፣ ፍሪጅም አትክተቺው። መኝታ ቤት ያለው ኮመዲኖ ይበቃዋል።

«ይሄ ማሽን ቀጣፊ ነው፣ አሁን 152 ብሎ አሁን 161 ይላል» ትያለሽ። ቀጣፊ አይደለም። ዓለም አቀፉ ደንብ ራሱ ከመቶ በላይ ላለው ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም 15 በመቶ ይፈቅድለታል። ላብራቶሪ 200 ያለውን እሱ 170 ወይም 230 ቢል በደንቡ ውስጥ ነው። ላብራቶሪ ስትሄጂ ማሽኑን በቦርሳሽ ያዢና እዚያው ለኪ፤ ሁለቱን አስተያይተሽ ታምኚዋለሽ ወይ ትቀይሪዋለሽ። ሚጡ አንድ ቀን ማሽኑ «ሃይ» (HI) ብሎ ሰላም አለን ብላ ስትስቅ ግን ደንግጫለሁ። ያ ሰላምታ አይደለም። ከልኬ በላይ ነው ማለቱ ነው፤ ብዙዎቹ ከ600 በላይ አይቆጥሩም። እጅሽን ታጥበሽ ድገሚው። አሁንም ያው ካለ ነጠላሽን ለብሰሽ ወደ ሆስፒታል። በማግስቱ ሳይሆን ያኔውኑ።

የቡናው ነገር ከበደኝ፣ ግን ልበለው። ጎረቤቶቹ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ «እስቲ እኔንም ለኪኝ» ይላሉ። አንቺ እንግዳ መመለስ አታውቂበትም። አንድ ጀበና ቡና፣ አራት ስትሪፕ። ስትሪፑ ይሂድ ግድ የለኝም። መርፌው ግን፣ እማዬ፣ መርፌውስ? መርፌው ቢቀየር እንኳን መውጊያው ብዕር የአንድ ሰው ብቻ ነው። የጉበት ቫይረስ በዓይን በማትታይ የደም ጠብታ ይተላለፋል። «ሐኪሜ ከልክሎኛል» በያቸው። በእኔ አሳብቢ፣ ልጄ ክፉ ናት በይ። ያገለገለውን መርፌ ደግሞ በባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጨምረሽ ክዳኑን ግጠሚ፤ ሠራተኛዋ ቆሻሻ ስትደፋ እጇን እንዳይወጋት።

ደብተርሽን አየሁት። አልተቆጣሁም፣ አንብቢ። 118፣ 121፣ 119፣ 120። አንድ ወር ሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ነው። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ በዚያው ሰሞን 9.1 በመቶ መጣ። 9.1 ማለት በማሽኑ ቁጥር በአማካይ 214 አካባቢ ነው። ሐኪሙ ደብተሩን አይቶ አንቺን አይቶ ፈገግ አለ አሉ። እኔ ግን አፈርኩ። ባንቺ አይደለም፣ በራሴ። ከፍ ያለ ቁጥር በነገርሽኝ ቁጥር ምን ስል እንደነበር አስታወስኩ። «ምን በላሽ? ማርም ቀመስሽ?» የምቆጣሽ እኔ ነኝ። የሚቆጣ ሰው ካለ ማን እውነቱን ይጽፋል?

ይህ ማሽን መጀመሪያ ሲወጣ ለሐኪም ብቻ ነበር የሚሸጠው። ከኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ሪቻርድ በርንስታይን የሚባል አሜሪካዊ ኢንጂነር፣ ራሱ ስኳር ያለበት፣ ሚስቱ ሐኪም ስለነበረች በስሟ አስገዛ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ ነው። በቀን ደጋግሞ እየለካ ምን ምን ሲበላ ምን እንደሚሆን ራሱ ደረሰበት። ኋላ በጎልማሳነቱ ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆነ። አንቺን ሐኪም ሁኚ አልልሽም። ግን ቁጥሩ የሚጻፈው ላንቺ እንጂ ለእኔ እንዳልሆነ ከእሱ ነው የገባኝ።

ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በየቀኑ ለኪ አልልሽም። ሐኪምሽ ሌላ ካላለ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ጠዋት ምንም ሳትቀምሺ አንዴ፤ ያኔ ከ90 እስከ 150 ከሆነ ሐኪምሽ ባለው ውስጥ ነሽ። ከዚያ ምሳ ልትበይ ስትይ፣ ከዚያ መብላት ከጀመርሽ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሞላ። አንድ ቀን በሁለት እንጀራ፣ ሌላ ቀን በአንድ እንጀራና ጎመን በዛ አድርገሽ። ልዩነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ።

ሁዳዴ እየመጣ ነው። ባለፈው በስምንት ሰዓት ገደማ ላብ በላብ ሆነሽ እጅሽ ተንቀጠቀጠ ሲሉኝ እዚህ እንቅልፍ አጣሁ። ከኪኒኖችሽ ውስጥ ከሜትፎርሚኑ ይልቅ ያቺ ግሊቤንክላማይድ ናት ስኳር ከልክ በታች የምታወርደው፣ በተለይ ሆድ ባዶ ሲሆን። ከጾሙ በፊት ሐኪምሽን «ኪኒኔን እንዴት ልውሰድ?» በይ። እንደዚያ ከሆንሽ ለኪ። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ሚሪንዳ። አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ ድገሚና ለኪ። ማሽኑን ፍለጋ ከሚያቆይሽ መጀመሪያ ጠጪ። የነፍስ አባትሽም ለታመመ አይገደድም ብለውሻል፤ ሰምቻለሁ፣ አጠገብሽ ነበርኩ።

ወንድሜ ቅዳሜ አዲሱን ይዞ ይመጣል። የድሮውን ከቡፌው ላይ አንሺው፣ ለፎቶሽ ቦታ ይልቀቅ።

እሁድ እደውላለሁ። የጠዋቱን ቁጥር ንገሪኝ። 240ም ቢሆን። እኔ «እሺ» ብቻ እላለሁ፤ ከዚያ የዚያችን የሠርግ ወሬ ትጨርሺልኛለሽ። ሙሽራው ለምን እንደዘገየ እስካሁን አልነገርሽኝም።

ልጅሽ