ዓሣው አጠገባችን እያለ በጠመኔ አናስተምር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ትምህርት ጥራት በተደጋጋሚ ትጽፋላችሁ፣ በርቱ። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ዓሣ ነው።

ሐዋሳ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የጀርባ አጥንት ስላላቸው እንስሳት የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ በየዓመቱ ያው ነው። አምስቱን ክፍሎች ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፦ ዓሣ፣ እንቁራሪት አስተኔ፣ ገበሎ አስተኔ፣ አዕዋፍ፣ አጥቢ። ተማሪው ይገለብጣል። የዓሣ ልብ ሁለት ክፍል አለው፣ የእንቁራሪት ሦስት፣ የወፍና የአጥቢ አራት። ይሸመድዳል። ፈተናው ላይ ከሀ እስከ መ አንዱን ያከብባል፣ በቃ። የዓሣ ልብ ሁለት ክፍል እንዳለው የሚያውቅ ተማሪ ሞልቷል፤ ልቡ ዓሣው ውስጥ የት ጋ እንደሚገኝ ብትጠይቁት ግን ሆዱ አካባቢ ይነግራችኋል። ልቡ ያለው እዚያ አይደለም፤ ከስንጥቡ (ውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት አካል) ኋላ፣ ጉሮሮው ሥር ነው።

ይሄ የሚሆነው ደግሞ ሐይቅ ዳር ባለ ከተማ ነው! አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ጠዋት ሂዱና እዩ። ጀልባዎቹ ሲገቡ ልጆች ተደርድረው ዓሣ ይቀርፋሉ፣ ሆድ ይከፍታሉ፣ አንጀቱን ይወረውራሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ይሻሙበታል። ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የዓሣን ሥዕል ከሰሌዳ ይገለብጣሉ። ጠዋት በእጃቸው የያዙትን ማለት ነው። ማንም መጥቶ ያ የያዛችሁት እኮ ይሄ ነው አላላቸውም።

እንዲህ የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ከተማሪዎቼ ጋር ዓሣ ከፍተን አይተናል። ምላጭ፣ መቀስ፣ ከቤት የመጣ ትሪ፣ ጓንት፣ ውሃ በባልዲ። ሌላ ነገር አልፈለግንም። ያኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ስትከፍቱ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው አንጀቱ ነው። ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ሆዱን ሞልቶታል። ቀስ ብላችሁ ብትዘረጉት ከዓሣው ቁመት ብዙ እጥፍ ይሆናል። አንዷ ተማሪ ዘርግታ ዘርግታ ትሪው አልበቃ ሲላት ወደ ጠረጴዛው አሻገረችው፣ ክፍሉ በሙሉ ተነስቶ ከበባት። ከዚያ ሌላውን ዓሣ፣ አምባዛውን ከፈትን፤ የሱ አንጀት አጭር ነው። ለምን? ብዬ ጠየቅኩና ዝም አልኩ። መልሱን ራሳቸው ናቸው ያመጡት። ቆሮሶ የሚበላው አልጌ ነው፣ አልጌ ለመፈጨት ጊዜ ይፈልጋል፤ አምባዛ ሌላ ዓሣ ጭምር ያድናል፣ ሥጋ ደግሞ ቶሎ ይፈጫል። በጉና ድመቱም እንዲሁ ናቸው አለ አንዱ ከኋላ። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ለፈተና ሸምድደው በሳምንቱ ይረሱት ነበር።

የአምባዛው ጭንቅላት ሌላ ጉድ ነው። ከስንጥቡ በላይ ባለው ክፍተት ውስጥ ቅርንጫፍ ያለው፣ አበባ ጎመን የሚመስል ቀይ ነገር አለ። አየር የሚተነፍስበት ነው። አምባዛ ከውሃ ወጥቶ ረጅም ሰዓት ሳይሞት የሚቆየው በሱ ነው። ቅዳሜና እሁድ አሞራ ገደል ዓሣ የሚቀርፍ አንድ ተማሪ አለኝ፣ ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ። ያን ቀን ምላጩን እሱ ነው የያዘው። ሐሞቱን ሳያፈነዳ ጉበቱን ነጥሎ አወጣው፤ የሌሎቹ ቡድኖች ሐሞት ፈንድቶ ትሪው አረንጓዴ ሆኗል። ከዚያ ያን ቀይ ነገር በመቀስ ጫፍ እያሳየ «ይሄንን ሁልጊዜ ነው የምንጥለው» አለ። ጓደኞቹ ጥያቄ የሚጠይቁት እኔን ትተው እሱን ነበር።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ቤተ ሙከራ የለም እንላለን። ብዙ ቦታ እውነት የለም። ባለበትም ብዙ ጊዜ ተቆልፏል። የማውቀው አንድ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፖቹ ከነፕላስቲካቸው ተቀምጠዋል፣ ክፍሉ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆኗል፣ ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፣ የንብረት ክፍሉ ሰው ደግሞ ስብሰባ ነው። ለዓሣ ግን ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፣ የዛፍ ጥላ ይበቃል። ትልቁ እንቅፋት ሌላ ነው፦ «ፈተና ላይ አይመጣም» የምትለዋ መልስ። ይህን መልስ ከኃላፊዎችም ከወላጆችም ሰምቼዋለሁ። ከድንጋጤ የመጣ ነው፣ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነው ከተባለ ወዲህ ሁሉም ሰው ወርክሺት ላይ ተረባረበ። ግን እስቲ እናስተውል። እነዚያ ልጆች ሲሸመድዱ ነው የከረሙት፤ መድኃኒቱ እንዴት ተጨማሪ መሸምደድ ይሆናል?

በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ (በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት) ሲገባም ተመሳሳይ ነገር ነው የሆነው። ሙከራውን ስክሪን ላይ ያለው መምህር ይሠራል፣ ተማሪው ያያል፣ ደቂቃው ያልፋል። አሁን ደግሞ ዩቲዩብ አለላችሁ ይሉናል። ቪዲዮ ጥሩ ነው፣ እኔም አሳያለሁ። ግን ቪዲዮ ላይ ዓሣው አያንሸራትትም፣ ምላጩ በጥልቀት አይገባም፣ ሐሞት አይፈነዳም። እጅ የሚማረው ከነዚህ ነው። ነገ ነርስ፣ ሐኪም፣ የእንስሳት ሐኪም ይሆናሉ የምንላቸው ልጆች እኮ ናቸው።

ዓይንና እጅ የለመደ ሰው ምን እንደሚያይ አንድ ማስረጃ ከራሳችን ቤት ልጥቀስ። ሉሲ፣ ድንቅነሻችን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ስትገኝ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኘ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች የጀርባ አጥንቶቿን አንድ በአንድ ሲያስተያዩ አንዲት ትንሽ ቁራጭ የሷ አለመሆኗን ለዩ። የጭላዳ ዘመድ የሆነ የጥንት ዝንጀሮ አጥንት ናት። አርባ ዓመት ሙሉ ከሉሲ ጋር ተቀምጣ ነበር! ይህን የለየው በዓይኑ አጥንት ከአጥንት ማስተያየት የለመደ ሰው ነው። የኛ ልጆች ታዲያ የጀርባ አጥንት የሚባለውን ነገር በሥዕል ብቻ ሲያዩ ያድጋሉ፣ በየፋሲካው ቤታቸው በግ እየታረደ።

እንስሳ ለምን ይገደላል የሚለውን ተቃውሞ እጋራለሁ። እንቁራሪት ከረግረግ እየለቀሙ በክሎሮፎርም መግደል ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አያስፈልግም። በተለይ እኛ አገር። የባሌ ተራሮችን ጨምሮ በየደጋው የሚኖሩ ብዙ የእንቁራሪት ዝርያዎቻችን ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የሉም፣ አንዳንዶቹም የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው። ልጅ ምኑን ከምኑ ለይቶ ይለቅማል? ፎርማሊን ውስጥ የኖረ ናሙናም ቢሆን ለተማሪ ባይሰጥ ይሻላል። ዓይን ያቃጥላል፣ ካንሰር እንደሚያመጣም የታወቀ ነገር ነው። ለገበታ የተጠመደ ዓሣ ግን ለትምህርት ተብሎ አልሞተም፣ ትኩስ ነው፣ መርዝም የለበትም። መንካት የሚከብደው ተማሪ ካለ አይገደድ፤ ጎን ቆሞ ይሳል፣ ይመዝግብ።

ሃይማኖትም ይነሳል። በኛ አገር ክርስቲያኑ የባረከውን ሙስሊሙ አይበላም፣ ሙስሊሙ ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም፤ ለመንካት ብቻ ቢሆንም የበግ ልብ ክፍል ውስጥ ስታመጡ «ማን ያረደው ነው?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ዓሣ ግን አይታረድም። ማንም ማንንም አይጠይቅም፣ ሁሉም አንድ ትሪ ይከባል። እንደ መምህር ይሄ ትልቅ ነገር ነው የምለው።

ባሕር ዳር ላይ ያላችሁ መምህራን ደግሞ ከኛ በላይ ሀብታም ናችሁ። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ ቢልጫ የሚባለው ዓሣ 15 ያህል ትላልቅ ዝርያዎች አሉ፤ አፋቸውን ብቻ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብታሳዩ ማን ምን እንደሚበላ ልጆቹ ይነግሯችኋል። ባቱና አርባ ምንጭም ዓሣ አላቸው። ዓሣ በሌለበት ከተማ የበግ ልብና ሳንባ ይሠራል፣ ግን ከቄራ፣ በእንስሳት ሐኪም የታየ ይሁን። የበግ ሳንባ ውስጥ የትል ከረጢት፣ ጉበት ውስጥ የጉበት ትል ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሳንባውን ለመንፋት ደግሞ የብስክሌት ፓምፕ ተጠቀሙ፣ በአፍ በፍጹም አይሆንም።

ስለዚህ የትምህርት ቢሮዎችን የምጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ ነገር፣ ለዚህ ምዕራፍ ከተከታታይ ምዘናው ላይ ለተግባር ሥራ ነጥብ ይመደብ። አምስት ነጥብ እንኳ ቢሆን «ፈተና ላይ አይመጣም» የሚለውን አፍ ያዘጋል። ደግሞም ርዕሰ መምህራን ለዓሣ የሚሆን ገንዘብ ከውስጥ ገቢ እንዲያወጡ በደብዳቤ ይፈቀድላቸው። ለአምስት ተማሪ አንድ ዓሣ ይበቃል፤ 60 ተማሪ ላለበት ክፍል 12 ዓሣ ማለት ነው። እኛ መምህራን ከኪሳችን እያወጣን ዘላቂ ሊሆን አይችልም።

ክፍለ ጊዜውም ይታሰብበት። 40 ደቂቃ አይበቃም፣ ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ከሰዓት በሙቀቱ ዓሣው ይሸታል፣ እጅ መታጠቢያ ውሃም በብዙ ትምህርት ቤት ከሰዓት ይጠፋል።

የባዮሎጂ መምህር
ከሐዋሳ