የመንግሥት ቤት ለአካባቢው ሲተላለፍ ውሉ ይታይ

ክቡር አዘጋጅ፦

በሲያትል ስለ ቤት ኪራይ መወደድ የምታወጧቸው ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት አዲስ ቤት በሚሠራበት ገንዘብ ላይ ነው። መንግሥት ለሌላ ጉዳይ የያዘውን ቤትና መሬት፣ ጉዳዩ ሲያበቃ፣ በዝቅተኛ ኪራይ እንዲያከራየው ለአካባቢው የቤቶች ባለሥልጣን የሚያስተላልፍበት መንገድም እንዳለ ግን እምብዛም አይነሳም። ከማኅበረሰባችን ብዙ ቤተሰቦች እዚህ ከተማ ሲደርሱ ያረፉት በዚህ መንገድ በተገኙ ቤቶች ነበር።

የሲያትሎቹ ሆሊ ፓርክ፣ ሬኒየር ቪስታና ሃይ ፖይንት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለመከላከያ ምርት ሠራተኞች የተሠሩ ሰፈሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው የላንሃም ሕግ የፌዴራል መንግሥቱ እንዲህ ያሉ ቤቶችን እንዲሠራ ቢፈቅድም፣ የቤት ነጋዴዎች መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ተወዳዳሪ አከራይ ሆኖ እንዳይቀር ይሰጉ ስለነበር፣ ቤቶቹ ያለ ኮንግረስ ልዩ ፈቃድ ለድሆች መኖሪያነት እንዳይተላለፉ ከልክሎ ነበር። በሩ ሰፋ ብሎ የተከፈተው በ1950 በወጣው ማሻሻያ ሲሆን፣ የሲያትል ሰፈሮችም በዚያው አሥርት ዓመት መጀመሪያ ላይ ለከተማው ቤቶች ባለሥልጣን ተላልፈው ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ዋሉ። ከጦርነቱ ከ50 ዓመታት በኋላም ሰው ይኖርባቸው ነበር።

ማስተዳደርን ብቻ ለአካባቢው ሰጥቶ ባለቤትነቱን ሳይወስኑ ማቆየት ምን እንደሚያስከትል ከኦሪገኗ ቫንፖርት እንማራለን። በጊዜያዊነት የተሠራችው ይህች ከተማ ንብረትነቷ የፌዴራል መንግሥት፣ አስተዳዳሪዋ ደግሞ የፖርትላንድ ቤቶች ባለሥልጣን ነበር። የወደፊት ዕጣዋ ገና በክርክር ላይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 1948 የኮሎምቢያ ወንዝ ጥሶ ገባ፤ ወደ 18,500 የሚጠጉ ነዋሪዎችም ቤት አልባ ሆኑ። ባለሥልጣኑ በዚያው ዕለት ጠዋት ለጊዜው የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ የሚገልጽ ማስታወቂያ በየቤቱ አድሎ ነበር።

ተላልፎ መሰጠቱም ቢሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሦስቱ የሲያትል ሰፈሮች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሆፕ ስድስት በተባለው የፌዴራል ፕሮግራም ፈርሰው ሲሠሩ፣ ገበያ በሚያወጣው ዋጋ የሚሸጡ ቤቶች ገቡባቸው፤ በዚያው ቦታ የተመለሱት የዝቅተኛ ኪራይ ቤቶች ግን ከቀድሞው ቁጥር አንሰው፣ የቀሩት በሌሎች ሰፈሮች እንዲተኩ ተደረገ። አዲሶቹ ቤቶች ከአሮጌዎቹ በብዙ እንደሚሻሉ አልክድም። ሆኖም ቤት በቁጥር ተተካ ማለት ጎረቤት ተተካ ማለት አይደለም፤ ቡና ተጠራርተው ይጠጡ የነበሩ እናቶች ከከተማው ውጭ ኬንትና ቱክዊላ ገብተው አውቶቡስ ሲቀያይሩ ማየት በከተማው ሪፖርት ውስጥ የማይገባ ኪሳራ ነው። አዲስ አበባ በቀበሌ ቤት ያደግን ሰዎች ደግሞ ሌላውን ጉድለት እናውቀዋለን፦ ኪራዩ ዝቅ ብሎ የጥገና ገንዘብ ካልተመደበ ጣሪያው ማፍሰሱ፣ ግድግዳውም መዝመሙ አይቀርም።

ይህን ሁሉ የማነሳው በሲያትል ያለው የቀድሞው የጦር ሰፈር የፎርት ሎውተን ጉዳይ ስላለ ነው። የጦር ሠራዊቱ ተጠባባቂ ማዕከል እንዲዘጋ የተወሰነው በ2005 ሲሆን፣ የከተማው ምክር ቤት መሬቱ አቅም ላነሳቸው ሰዎች መኖሪያ እንዲሆን የሚያስችለውን ዕቅድ ያጸደቀው በ2019 ነው። ለአንድ ጦር ሰፈር 14 ዓመት! የመዘግየቱ አንዱ ምክንያት የአካባቢው ሰዎች በፍርድ ቤት መከራከራቸው እንደነበር ይታወቃል፤ መከራከር መብታቸው ነው፤ የእኛ ወገን ድምፅ ግን በእነዚያ ስብሰባዎች እምብዛም አልተሰማም።

ስለዚህ የምክር ቤት አባሎቻችንን ሁለት ነገር እንድንጠይቃቸው አሳስባለሁ። የዝቅተኛ ኪራይ ግዴታው በመሬቱ የባለቤትነት ሰነድ ላይ ያለ ጊዜ ገደብ ይጻፍ፤ የጥገናውም በጀት ከማስተላለፊያው ውል ጋር አብሮ ይጽደቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደቡብ ሲያትል ነዋሪ