የተሸነፈች የማትከፍልበት ጆተኒ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሴቶች ሻምፒዮና የድጋፍ ጥሪ

ሰላም ለእናንተ ይሁን የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፤ እዚሁ ያላችሁም፣ ከሀገር የወጣችሁም።

ጆተኒን፣ የጠረጴዛ እግር ኳሷን፣ ታስታውሷታላችሁ። መንገድ ዳር፣ ላስቲክ ለብሳ፣ ብረቷ ሲገፋ የምትንቋቋ ጠረጴዛ። እኔ ያደግኩት ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዷ ሥር ነው። ቁመቴ ስለማይደርስ ድንጋይ ላይ ቆሜ ነበር የምጫወተው። በረኛውና ተከላካዩ የኔ ነበሩ፤ አማካዩንና አጥቂውን ታላቅ ወንድሜ ይይዛል። 13 ዓመት ሲሞላኝ ጠረጴዛውን የሚያጫውተው ሰው «አንቺ፣ አሁን እኮ አድገሻል። ወንዶች መሃል ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ ቤትሽ» አለኝ። ወንድሜ ዝም አለ። ድንጋዬን እዚያው ትቼ ሄድኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ዓመት ያንን ብረት አልያዝኩም።

አሁን በዚያው ሰፈር ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶች ጆተኒ የሚጫወቱበት አዳራሽ አለ። አዳራሹ የእድራችን ነው። ድንኳኑ በአንድ ጥግ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ብረት ድስቶቹ ተደራርበዋል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ግድግዳውን ተደግፈዋል። መሃሉ ላይ ሁለት ያገለገሉ ጠረጴዛዎች አሉ። ሦስት ሴቶች ሆነን ካጠራቀምነው የእቁብ ብር ላይ ነው የገዛናቸው። ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል አዳራሹ የኛ ነው፤ ኪራይ አንከፍልም። እድሩ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀብር ያለ ቀን ጨዋታ የለም። ይህን የሕጋችን አንደኛ ተራ ቁጥር አድርገን ጽፈነዋል። ሁለት ጊዜ ደርሶብናል። ልጆቹ ራሳቸው ጠረጴዛውን ገፍተው ወንበር ደረደሩ።

እዚህ ለመድረስ ግን ሽማግሌዎቹን ማሳመን ነበረብን። የእድሩ ዳኛ ጆተኒ የቦዘኔ ጨዋታ ነው ብለው ነው የጀመሩት። «ይሄ ዕድል ነው፤ ዕድል ደግሞ ቁማር ይጠራል» አሉ። እኔ የኒው ዮርክን ታሪክ ነገርኳቸው። ፒንቦል የሚባል የማሽን ጨዋታ አለ፤ የኒው ዮርክ ከተማ በፈረንጆቹ 1942 ቁማር ነው ብላ ከልክላው ነበር። ክልከላው የተነሣው በ1976 ነው። ያኔ ሮጀር ሻርፕ የሚባል ሰው በከተማው ምክር ቤት ፊት ማሽን አስመጥቶ ተጫወተ። ኳሷ የት እንደምትገባ አስቀድሞ ተናግሮ፣ እዚያው ቦታ ላካት። ጨዋታው የችሎታ መሆኑን በዓይናቸው አዩ።

የእድሩ ዳኛ ሳቅ አሉና «እንግዲያስ እናንተም አሳዩና» አሉ። ከኛ ልጆች አንዷን ጠራናት፤ 16 ዓመቷ ነው። ሻሿን አጠበቀች፣ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። «በግራ ጥግ» አለች፤ ገባ። «አሁንም በግራ» አለች፤ ገባ። «በቀኝ» ያለችው ብረቱን መትቶ ተመለሰ። ሽማግሌው ዝም ብለው ጠረጴዛውን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ ሦስተኛውን ቸኮልሽ» አሏት። አዳራሹ የተፈቀደልን በዚያ ቀን ነው።

አሁን የምንለምናችሁ ለምን እንደሆነ ላስረዳ። በመጪው ክረምት፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ በስድስት ቅዳሜዎች የሴቶች የጆተኒ ሻምፒዮና እናካሂዳለን። በነጠላ 32 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ 24ቱ ከደሴ፣ 8ቱ ከኮምቦልቻ። በጥንድም ይኖራል። ዕድሜ ከ14 ጀምሮ ነው፤ ከ18 በታች የሆነች ልጅ የእናት ወይም የአባት ፈቃድ ታመጣለች። ባለትዳር፣ ተማሪ፣ ነጋዴ፣ ሁሉም ይችላል። አንዲት የሦስት ልጆች እናት ተመዝግባለች፤ ሕፃኗን እኛ እንይዝላታለን።

የመንገድ ጆተኒ አንድ ሕግ አላት፦ የተሸነፈ ይከፍላል። ለባለ ጠረጴዛው እንጀራው ነው፤ አልፈርድበትም። ሴት ልጅን ከጨዋታው ያስወጣት ግን ከስድቡ ይልቅ ይህ ሕግ ይመስለኛል። ወንዱ ልጅ ዕቃ ተሸክሞም፣ ጫማ ጠርጎም ሳንቲም አያጣም። ሴቷ ከቤት ስትወጣ በእጇ ያለው ለጎመንና ለቲማቲም የተቆጠረ ብር ነው። አንዴ ተሸንፋ የእናቷን ብር ከከፈለች ተመልሳ አትመጣም። ጨዋታ ደግሞ የሚለመደው በመሸነፍ ነው። መቶ ጊዜ ሳይሸነፍ ጥሩ ተጫዋች የሆነ ሰው አላየሁም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን የተስማማነው በዚህ ነው፦ በኛ ቤት የተሸነፈች አትከፍልም። እንዲያውም ለሚቀጥለው ጨዋታ እሷ ናት የምትመርጠው።

ይህንን የወሰድነው ከዚያው ከፒንቦል ነው። ማሽኑ ዘንበል ያለ፣ በመስታወት የተከደነ ነው። ተጫዋቿ በግራና በቀኝ ቁልፍ ሁለት ትንንሽ መቅዘፊያ እያንቀሳቀሰች የብረቷ ኳስ ወርዳ እንዳትጠፋ ትከላከላለች። በአሜሪካና በካናዳ የሴቶች ብቻ ሻምፒዮና አለው። ሁለት ሴቶች ሲገናኙ ከሰባት ጨዋታ አራቱን ቀድማ ያሸነፈች ታልፋለች። በመጀመሪያው ጨዋታ በደረጃ የምትበልጠዋ ወይ የሚጫወቱበትን ማሽን ወይ የመጫወቻ ተራዋን ትመርጣለች። ከዚያ በኋላ ምርጫው በቅድሚያ ለተሸነፈችዋ ነው። ይህንን ሳነብ ደስ አለኝ። የተሸነፈችውን ሴት ከማስከፈል ይልቅ «ቀጣዩን አንቺ ምረጪ» የሚል ሕግ።

ለደሴ ደግሞ በልክ የተሰፋ ነው። ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር፣ ዳገት ላይ የተቀመጠች ናት፤ ለጥ ያለ መሬት የት ይገኛል? የአዳራሹ ሲሚንቶ እንኳ ሲታጠብ ውሃው እንዲወርድ ወደ በሩ ያዘነብላል። ኳሷን መሃል ላይ ብታስቀምጧት ራሷ ቀስ እያለች ወደ አንዱ ጎል ትሄዳለች። ስለዚህ የትኛው ወገን መቆም ቀላል ነገር አይደለም። ጨዋታ የተሸነፈችዋ ለሚቀጥለው ወገኗን ትመርጣለች።

የቀረው ሕግ አጭር ነው። አንዱ ጨዋታ እስከ 5 ጎል ነው፤ ከሦስት ሁለት ያሸነፈች ግጥሚያውን ትወስዳለች። ለፍጻሜው ከአምስት ሦስት። ጎል የገባባት ኳሱን ታስጀምራለች። ብረት ሙሉ ዙር ማሽከርከር ክልክል ነው፤ በዚያ የገባ ጎል አይቆጠርም። ኳስ ይዞ መቆም በአምስቱ አማካዮች 10 ሰከንድ፣ በሌላው መስመር 15 ሰከንድ ነው፤ ይህ የዓለም አቀፉ የጠረጴዛ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደንብ ነው። ዳኞቻችን ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ሰከንዱን ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። ውርርድ የለም፤ ሲወራረድ የተገኘ ተመልካች ይወጣል።

ጠረጴዛ መነቅነቅ ላይ ግን ብዙ ተከራክረናል። ጉልበት ያለው ሰው ጎል ሊገባበት ሲል ጠረጴዛውን በጉልበቱ ገፋ ያደርገዋል፤ ኳሷ ትስታለች። ክርክሩ አያልቅም፤ «ነቀነቅሽ»፣ «አልነቀነቅኩም»። የፒንቦል ማሽን ለዚህ መላ አለው። ውስጡ የግንበኛ ቱንቢ የመሰለ ነገር በቀለበት መሃል ይንጠለጠላል። ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ቱንቢው ቀለበቱን ከነካ ያቺ ኳስ ትቃጠላለች፤ ተጫዋቿ ታጣታለች። እኛ ቱንቢ የለንም። ሲኒ ግን አለን። በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ በዳኛዋ በኩል፣ አፉ ድረስ ውሃ የተሞላ የቡና ሲኒ እናስቀምጣለን። ውሃው ከፈሰሰ ኳሱ ለተጋጣሚ ይሰጣል። ይህንን ያመጡት ቡና ሲያፈሉልን የነበሩ እናት ናቸው። ከዚያ ወዲህ በነቀነቅሽ አልነቀነቅኩም የተጣላ የለም፤ ሁሉም ሲኒውን ነው የሚያየው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። 32ቱ ተጫዋቾች አራት አራት ሆነው በስምንት ምድብ ይከፈላሉ። በምድቡ ሁሉም ከሁሉም ይጋጠማሉ፤ በድምሩ 48 ግጥሚያ። ከየምድቡ ሁለት ሁለት ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ። ሦስተኛና አራተኛ የወጡትም ቤታቸው አይሄዱም፤ የራሳቸው ጥሎ ማለፍ፣ የራሳቸው ሽልማት አላቸው። አንድ ግጥሚያ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ባሉን ሁለት ጠረጴዛዎች 48ቱን በአንድ ቅዳሜ ለመጨረስ 6 ሰዓት ያስፈልጋል። አዳራሹ ያለን 3 ሰዓት ተኩል ነው። ማምሸት ደግሞ አይሆንም። የኮምቦልቻ ልጆች የሀረጎን ቁልቁለት ወርደው ሳይመሽ ቤታቸው መግባት አለባቸው፤ በክረምት ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል። አራት ጠረጴዛ ካለን በ3 ሰዓት እንጨርሳለን። ሁለት አዲስ ጠረጴዛ የምንለው ለዚህ ነው።

ሁለቱን አዲስ ለማሠራት 76,000 ብር ተጠይቀናል። እንጨቱን ፒያሳ አካባቢ ያለ አናጺ ይሠራዋል፤ ብረቱ ኮምቦልቻ ነው የሚቆረጠው። እግራቸው በብሎን ከፍና ዝቅ የሚል ይሆናል፤ ያኔ ዘንበል ማለቱ ይቀንሳል። አሮጌዎቹን ለመጠገን 14,000 ብር ያስፈልጋል። እነሱ ብዙ ክረምት ውጭ ያሳለፉ ናቸው። እንጨታቸው ዝናብ ጠጥቶ አብጧል፤ ብረቱ ቀዳዳው ላይ ይያዛል። አሁን በሻማ ሰም እያሸን ነው የምንጫወተው። የአንደኛው በረኛ እግሩ ተሰብሮ በፕላስተር ታስሯል። የኮምቦልቻ ልጆች የትራንስፖርት ወጪ ለስድስቱ ቅዳሜ 9,600 ብር ነው። ሻይና ዳቦ 8,400። ሻይና ዳቦ ያልነው አስበንበት ነው፤ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ይገባል፤ ሁሉም አብሮ የሚቀምሰው ነገር ይሁን ብለን ነው። ኳስ፣ የዳኞች ሰዓትና ሽልማት 12,000። ጠቅላላው 120,000 ብር ነው። እስካሁን 43,000 ሰብስበናል፤ አብዛኛው የሰፈር እናቶች ከ50 እና ከ100 ብር ያዋጡት ነው። የቀረን 77,000 ብር ነው።

ቅዳሜን ለምን መረጣችሁ የሚል አይጠፋም። ዓርብ ጁምዓ ነው፤ እሑድ ቅዳሴ ነው። ልጆቻችን ከሁለቱም ቤት ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት የሁሉም ሆነ።

የምትችሉትን ስጡን። 50 ብርም ብር ነው። ብር የሌለው ጉልበት አለው፤ አናጺ የሆነ አንድ ቀን ይስጠን፤ ቀለም ያለው ቀለም። የጠረጴዛ ኳስ ከውጭ ልታመጡልን የምትችሉ ካላችሁ ጠንካራ ፕላስቲክ ኳስ እንፈልጋለን፤ የኛ ተልጦ ተልጦ እንቁላል መስሏል። ዳኛ መሆን የምትፈልጊ እህት ነይ፤ ሕጉን በሁለት ቅዳሜ እናስጠናሻለን።

የባንክ ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው፦ እኔ፣ የእድሩ ገንዘብ ያዥና ከተጫዋቾቹ እናቶች የተመረጡ አንዷ። ቁጥሩ የእድሩ ማህተም ባረፈበት ማስታወቂያ በአዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል። ከዚያ ውጭ በስልክ ወይም በመልእክት የሚላክላችሁን ቁጥር አትመኑ። ሩቅ ያላችሁ ደሴ ያለ ዘመዳችሁን ልካችሁ ማስታወቂያውን ፎቶ አስነሱ። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ እንቆርጣለን። የሰጪው ስምና የገንዘቡ መጠን በሩ ላይ ይጻፋል፤ ስሙ እንዲወጣ ለማይፈልግ «አንድ ወዳጅ» ብለን እንጽፋለን። ወጪውንም በየሳምንቱ ከጎኑ እንለጥፋለን። ሻምፒዮናው ካለቀ በኋላ አራቱም ጠረጴዛዎች የእድሩ ንብረት ሆነው ይቀራሉ፤ ቅዳሜም የሴቶች ሆኖ ይቀጥላል።

አናጺው ሥራ የሚጀምረው ግማሽ ክፍያ ሲደርሰው ነው። ጠረጴዛዎቹ ለሐምሌ እንዲደርሱ እስከ ሰኔ 10 ቀን 38,000 ብር ልንሰጠው ይገባል። መጥታችሁ ማየት የምትፈልጉ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ በሩ ክፍት ነው። ቡና ይፈላል። ቁመቷ ለማይደርስ ልጅም መቆሚያ አዘጋጅተናል፤ ድንጋይ አይደለም፣ የእንጨት ነው።